የቪ-ቱ መልክ

ዱዌን ጋራዡ ውስጥ ለወራት የለፋበትን ሞዴል ሮኬት አረንጓዴ ቀለም እየቀባ ሳለ፣ በልጅነታቸው ከለንደን ወደ ኦሃዮ የመጡት አማቱ ሙሪየል ገቡ።

«ደግሞ ምን እያጨማለቅህ ነው?»

«ቪ-ቱ ነው። ጀርመኖች በጦርነቱ ለንደን ላይ የተኮሱት ሚሳኤል። ቅዳሜ አስወነጭፈዋለሁ።»

ፈገግታቸው ከፊታቸው ጠፋ። ቀለሙ ያልደረቀውን ሮኬት በሁለት እጃቸው አነሱት።

«እናቴን የገደላት ይኼ ነው።»

ዱዌን ክው አለ። እናታቸው በጦርነቱ ሞቱ ከመባል በቀር ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«ይቅርታ... አላወቅሁም። አሁኑኑ እሰብረዋለሁ።»

«ተው! ከድምፁ ቀድሞ ነበር የሚወድቀው፤ ሲመጣ ያየው ሰው የለም። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ አስቀያሚ ነገር ይመስለኝ ነበር።»

ሹል አፍንጫውን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ ጣታቸው አረንጓዴ ሆነ።

«እንዲህ ያምራል እንዴ?»