የአህያዋ የኋላ እግሮች

“ግራ። ደረጃ አለ” ትላለች ሚስቱ ከፊት ሆና፣ በሹክሹክታ።

ግራ እግሩን አንስቶ ደረጃውን ይወጣል። ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁን ቀበቶዋ ላይ አድርጎ፣ ከግራጫ ብርድ ልብስ በተሰፋው የአህያ ቆዳ ውስጥ ይከተላታል። እሷ የአህያዋ ራስና የፊት እግሮች ናት፤ እሱ የኋላ እግሮችና ጅራት። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተያይዘው፣ ለልጆች ተረት በትርኢት እያሳዩ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ዞረዋል። ከውስጥ ሆኖ የሚያየው የእሷን ተረከዝና አንድ ክንድ የማይሞላ ወለል ብቻ ነው።

ከቤት ከወጣች ሦስተኛ ወሯ ነው፤ የምትኖረው እህቷ ጋ ነው። ያጣላቸው ነገር ይህ ነው ተብሎ የሚነገር አይደለም። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ዝም ይላል። “ለካ ያገባሁት ግድግዳ ነው” አለችና አንድ ቀን ሻንጣዋን አነሳች። ያን ዕለት እንኳ እሱ ያደረገው ነገር ቢኖር ሻንጣውን እስከ ታክሲው መሸከም ነበር።

ከሥራው ግን መለያየት አልሆነላቸውም፤ አህያ በሁለት እግር አትሄድም። እስከ ዛሬ። ሌላ ከተማ ሕፃናት የምታስተምርበት ሥራ አግኝታለች፤ የእህቷ ባል መኪናውን ይዞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እየጠበቃት ነው።

ዛሬ ጠዋት ፂሙን ሲላጭ መስታወት ፊት ተለማምዷል። “አትሂጂ።” አንዲት ቃል ናት። ከትርኢቱ አርባ ደቂቃ ሠላሳው አልቋል፤ ያቺን ቃል ግን ገና አላወጣትም። ጨለማው ውስጥ ከእሷ የሚሸተው ሳሙና የእነሱ ቤት ሳሙና አይደለም።

“ጅብ መጣ! ጅብ መጣ!” አዳራሹ በጩኸት ይናጋል።

ጅቡ ሹፌራቸው ነው። ጠዋት መኪና ይነዳል፣ ረፋድ ላይ ጅብ ይሆናል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ሹፌር ነው።

“እመት አህዮ፣ እንደምን ዋልሽ?” ይላል በአፍንጫው። “በዚህ ጫካ መሀል ብቻሽን ነሽ ወይ?”

“ብቻዬንማ አይደለሁም፤ ባሌ ከኋላዬ እየመጣ ነው” ነው መልሱ። ስንት ሺህ ጊዜ ብላዋለች።

ዛሬ አትልም።

ልጆቹ ይጠብቃሉ። መዳፉ ስር ቀበቶዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማዋል፤ ከዚያ ትንፋሿም ቀጥ ይላል። ሹፌሩ ሊያግዛት ይሞክራል።

“ኧረ እመት አህዮ፣ ይሄን የሚያህል ጆሮ ይዘሽ አልሰማሽም? ብቻሽን ነሽ ወይ ነው የምልሽ!”

ልጆቹ ይስቃሉ።

“ብቻዋን አይደለችም!”

ድምፁ የራሱ መሆኑን ያወቀው ከወጣ በኋላ ነው።

“ባሏ አለሁ! ከኋላዋ ነኝ!”

ከዚያ ሳቁ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ አህያ በኋላዋ ተናገረች! ወለሉ በልጆች እግር ይደበደባል። ሹፌሩም ራሱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት “ኧረ ጉድ ነው! የዚች አህያ አፏ በወዴት ነው?” ይላል፤ ቀጥሎም እንደ ወትሮው፣ “ቢሆንም የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!”

እሱ የሚያዳምጠው ጀርባዋን ነው። ጀርባዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም፤ ከኋላ ሲሆን ሁለቱም አንድ ናቸው።

“ለካ ትችላለህ” ትለዋለች በሹክሹክታ።

“እ?”

“መናገር።” ትንፋሿን ትስባለች። “ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይተህ... አሁን?”

አፉን ይከፍታል። “አት...” ከማለቱ ጅቡ ይዘላል፣ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ እሷም “በቀኝ! ሩጥ!” ትላለች። በቀኝ ይሮጣል። እግሩ ከእግሯ አንዲት እርምጃ አይሳሳትም።

ጅቡ በልጆቹ ጩኸት ተባርሮ ይወጣል። ጭብጨባው ይቀልጣል። እሷ የአህያዋን አንገት አግዳሚ ወንበር ላይ አስደግፋ በአህያዋ ደረት በኩል ያለውን ዚፕ ከፍታ ትወጣና እጅ ትነሳለች። እሱ እንደ ደንቡ ጎንበስ እንዳለ ይቀራል፤ የኋላው ሰው ከታየ ለልጆቹ አህያ የምትባል ነገር አትኖርም። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው።

“ልጆች፣ አህያችን ደክሟታል” ሲል ድምጿ ይሰማዋል። “ቀስ ብላችሁ ተሰናበቷት፤ እሺ?”

“እሺ!”

“በይ እህቴ፣ በሰላም ግቢ” ይላል ሹፌሩ። ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይጠራል።

እርምጃዋ ይቀርባል። እጇ በብርድ ልብሱ ላይ፣ ጀርባው ላይ ያርፋል። ቸብ፣ ቸብ። ተጭኖ የዋለ አህያ መታ መታ እንደሚደረገው።

“ጎበዝ” ትላለች።

ለልጆቹ ስትል ይሁን ለእሱ አላወቀም። እጇ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ይነሳል። ተረከዟ በወለሉ ላይ እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል።

በጨለማው ውስጥ በእጁ ዳብሶ በእሱ በኩል ያለውን ዚፕ ያገኘዋል። እስከ በሩ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

ያኔ አንዲት ትንሽ እጅ ጀርባው ላይ ታርፋለች። ቸብ፣ ቸብ። “ጎበዝ” ይላል የሴት ልጅ ቀጭን ድምፅ። ሌላ እጅ ይከተላል፤ ቸብ፣ ቸብ፣ “ጎበዝ።” አስተማሪያቸው “አትጋፉ! በተራ፣ በሰልፍ!” ትላለች፤ የብዙ ትንንሽ ጫማ ኮቴ እየተሰለፈ ወደ እሱ ይመጣል።

ዚፑን ይለቀዋል። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጀርባው እንዳይሰምጥባቸው ቀና አድርጎ ይይዘዋል።