የዶቅማው ድርሻ

ውሃ በነፍስ ወከፍ መታደል ከጀመረ ወዲህ ችግኝም እንደ ሰው ይቆጠራል። በደረቀው ረግረግ እንድንተክለው ትምህርት ቤት የሰጠኝ የዶቅማ ችግኝ፣ በቤተሰብ መዝገባችን ሦስተኛ ሆኖ ተጻፈ። ጠዋት ጠዋት ሦስት ኩባያ ውሃ ይደርሰናል።

እማዬ የራሷን በኮዳ ትይዛለች፤ የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ስለሆነች "ሥራ ቦታ እጠጣዋለሁ" ትላለች። ችግኞቹ የሚያድጉት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ እኔ የዶቅማውን ይዤ እወጣለሁ። መንገድ ላይ ግን እኔው እጨርሰዋለሁ። ይጠማኛላ!

ትናንት ችግኞቹ ወደ ረግረጉ ሊሄዱ ሲለኩ ቲቸር ደባልቄ ተገረሙ።

"አይናለም፣ ከሁሉም ያንቺ በለጠ! ምን አድርገሽለት ነው?"

"እኔ እንጃ፣ ቲቸር።"

እውነትም ግራ ገባኝ። ዝናብ የለ፣ ጤዛ የለ። ይደርቃል እያልኩ ስሳቀቅለት የከረምኩት ዛፍ በምን ለመለመ? ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፤ አልመጣልኝም።

ዶቅማው ወደ ረግረጉ ስለሄደ ከመዝገባችን ተሰርዞ፣ ዛሬ ጠዋት የደረሰን ሁለት ኩባያ ብቻ ነው። እማዬ የራሷን አንስታ እዚያው እንደቆመች፣ ሳትተነፍስ ጨለጠችው።

"ኮዳሽስ?" አልኳት።

"ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?" አለችና የተሰነጠቀ ከንፈሯን ላሰች።