ገጽ አራት

ሻንጣዬን ሳላሳርፍ እማዬ በሁለት እጇ ፊቴን ትይዘዋለች። ከስኮትላንድ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዤ ለንደን፣ ስቶክዌል መድረሴ ነው፤ ገና ማለዳ ነው።

«አልፌያለሁ» እላታለሁ፣ ደብዳቤውን ከኪሴ እያወጣሁ። እኛ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ውጤቱ ያልበቃ ተማሪ ወደ ኦነርስ፣ ወደ ክብር ዲግሪው፣ አያልፍም። አብረን ፍልስፍና ከጀመርነው ግማሹ ቀርቷል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፣ ደብዳቤውን ሳታየው።

«ለጋሼ ተክለአብ ደወልኩ፣ ዛሬም አያነሳም።»

«ስልኩ ተበላሽቷል አላልኩሽም?»

«እስከ ሰኔ? አዲስ አበባ ስልክ የሚጠግን ሰው ጠፋ?»

«ግቢ እስኪ፣ በር ላይ አታስቁሚኝ።»

ጋሼ ተክለአብ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። እዚሁ ቤት አብሮን ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ አገሩ ገባ። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምን ተማርሽ ብሎኝ አያውቅም። «ዛሬ ማንን በጥያቄ አስጨነቅሽ?» ነበር የሚለኝ። ፍልስፍና ላጠና ነው ያልኩ ቀን ሌላው ሰው ሁሉ ሲያዝን እሱ ብቻ ሳቀ። ኦነርስ መግባቴን ከማንም ቀድሞ መስማት ያለበት እሱ ነው።

ሳሎን ውስጥ ጋሽ ባህታ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው እትዬ ብፅዓት፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው። ሁለቱም የእማዬ የቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞች ናቸው። ጋሽ ባህታ የሚኖሩት ኪልበርን ነው፤ በዚህ ሰዓት ከዚያ ድረስ ምን እንዳመጣቸው አልገባኝም።

«እንኳን ደስ ያለሽ» ይሉኛል ተነስተው። «ክብር አገኘች አሉኝ።»

«ኦነርስ ነው የሚባለው» ይላሉ እትዬ ብፅዓት።

«ያው ክብር አይደል እንዴ? እኔ አስመራ አማርኛ የተማርኩት በአርጩሜ ነው፣ ከአሁን ወዲያ አልረሳውም።»

እስቃለሁ። ከእኔ ሌላ የሳቀ የለም። ቀልዱን የተናገሩት ጋሽ ባህታም አልሳቁም።

«ነይ፣ እዚህ መሀላችን ቁጭ በይ» ይሉኛል። እማዬ ቁርስ እንኳ ሳትለኝ ከኩሽና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ትመጣለች። አትሰጠኝም። እንደያዘችው ከኋላዬ ትቆማለች።

እትዬ ብፅዓት ካፖርታቸውን ይፈታሉ። ከሥር የለበሱት ነጠላ ተዘቅዝቋል። ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው።

ገጽ አራት።

ወደ ኦነርስ ያሳለፈኝ ጽሑፍ፣ እውነትን መደበቅ ሁልጊዜ ውሸት ነው ወይ የሚል ነበር። ምሳሌ ያደረግኩት የመርዶን ልማድ ነው። ገጽ አራት ላይ ለፈረንጅ መምህሬ አንድ በአንድ አስረድቼዋለሁ። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ ወዲያው አይነገረውም፤ ሩቅ ካለ፣ ከታመመ፣ ፈተና ካለበት ወራት ሊደበቅ ይችላል። ቀኑ ሲደርስ ትልልቅ ሰዎች በማለዳ ይመጣሉ፣ ሌሊቱን ብቻውን እንዳይጋፈጠው። መሀላቸው ያስቀምጡታል። ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ። ቢወድቅ የሚረጨው ውሃ የያዘ ሰው ከኋላው ይቆማል።

ወደ ኋላዬ አልዞርም። የእማዬ ቀለበት ብርጭቆውን ሲመታው ይሰማኛል።

«ሲና ልጄ» ይላሉ ጋሽ ባህታ። «አጎትሽ አልፏል።»

በር ላይ ለእማዬ የነገርኳት ያው ቃል ነው። ሁሉም ጩኸቴን እየጠበቁ ነው። አፌን ስከፍት የሚወጣው ግን ጥያቄ ነው።

«መቼ?»

«ጥር ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት። እንደተኛ ነው የቀረው፣ አልተሰቃየም።»

በሆዴ ወደ ፈረንጅ ቀን እቀይረዋለሁ። ጃንዋሪ ሃያ ዘጠኝ። ለጽሑፌ ስለ መርዶ ልጠይቃት እማዬ ጋ የደወልኩት ፌብሩዋሪ አንድ ነው።

«እማዬ፣ ስደውልልሽ ሦስት ቀኑ ነበር።»

«ከፈተናዋ በኋላ ይነገራት ተባለ። ለፋሲካ ስትመጪ አልን፣ ጽሑፌን ልጨርስ ብለሽ ቀረሽ።» ድምፅዋ ከአናቴ በላይ ነው የሚመጣው። «ያን ቀን ልነግርሽ ነበር እኮ። ውሸት ነው ትያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ። አይደለም አልሽኝ። እውነቱን መንጠቅ ሳይሆን ለባለቤቱ ማቆየት ነው አልሽኝ። አላልሽም?»

ብያለሁ። ገጽ ዘጠኝ ላይም ጽፌዋለሁ። መምህሬ ከጎኑ «አሳምነሽኛል» ብሎበታል።

ስልኬን አወጣለሁ።

«ተዪው አሁን፣ ልጄ» ይላሉ እትዬ ብፅዓት።

ያን ቀን የእማዬን ድምፅ በስልኬ ቀድቼው ነበር። ቃሏን ወደ ወረቀት ለመገልበጥ ሃያ ጊዜ ያህል ሰምቼዋለሁ፣ መጀመሪያው ላይ ያለውን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ፤ የሚገለበጥ ነገር የለውም ብዬ። አሁን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ከዚያ እጀምራለሁ።

«እማዬ፣ ለትምህርት ነው፣ እየቀዳሁሽ ነው፣ እሺ?» ትላለች በስልኩ ውስጥ አንዲት ደስተኛ ልጅ።

«ቆይ አንዴ።»

መዳፏ ስልኩን ሲሸፍነው ይሻክራል። ከመዳፉ ወዲያ የብዙ ሴቶች ለቅሶ አለ። ከዚያ የእትዬ ብፅዓት ድምፅ፣ «እሽሽ… ሲና ናት።» ወንበር ይንቋቋል። አንዷ ለቅሶዋን መሀል ላይ ትውጠዋለች። ቤት ሙሉ ሰው ለእኔ ሲል ትንፋሹን ይይዛል።

«እሺ የኔ ቆንጆ» ትላለች እማዬ። «ጠይቂኝ።»