የእንግዳ ቁሚስ

የቡሩል እናት አፓ ዙራካን ለልጃቸው ቁሚሱን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ስልቻ ቀዱላት። የኔን ግን ከጓዳ፣ በጨርቅ ከተሸፈነ ማሰሮ ነው የቀዱት። ማሰሮውን ሲያወጡ በትከሻቸው ከለል አድርገውት ነበር። ወይም መሰለኝ። እኔ እንደሆንኩ ከጠዋት ጀምሮ የማይመስለኝ ነገር የለም።

"ጠጪ ሳይካል ልጄ። ኢሲክ ኩል ሐይቅ ድረስ መጥቶ ቁሚሳችንን፣ የባዝራ ወተታችንን ያልቀመሰ ሰው መጣ አይባልም" አሉና ዳቦ ሊያመጡ ወጡ።

ነገ ጠዋት ውድድር አለብን፤ አጭሩ ትራያትሎን። ዋኝተን፣ ብስክሌት ነድተን፣ ሮጠን። ከሴቶቹ አንደኛ የወጣችው ብቻ ለዋናው ውድድር ታሽከንት ትሄዳለች፤ አንደኛ የምትወጣው ደግሞ ወይ እኔ ነኝ ወይ ቡሩል። ሌላው ለአጃቢነት ነው የሚመጣው። ታዲያ ይቺው ቡሩል "ሆቴል ምን ያደርግልሻል፣ እኛ ቤት እደሪ" ስትለኝ እሺ ብዬ የመጣሁ እኔ ጅሏ!

አሰልጣኜ "ከውድድር በፊት ሆድሽ የማያውቀውን ነገር እንዳትቀምሺ" ብሎኛል። ሩዜን ራሴ ቀቅዬ፣ ሙዜን ሸክፌ ነው ከቢሽኬክ የመጣሁት። አፓ ሩዙን ሲያዩ "ምነው፣ ታመሻል እንዴ?" ብለው ወስደው ለዶሮዎቹ በተኑት። ሩዜን ለዶሮ! በዚህ ሙቀት ደግሞ መኝታዬ ላይ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ቆለሉብኝ፤ ለእንግዳ ክብር ነው አሉ። ቡሩል የምትተኛው በስስ አንሶላ ነው። አሁን ደግሞ የተሸፈነ ማሰሮ መጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሳህኖቹን አየሁ። ሁለቱም ጎድጓዳ፣ ሁለቱም ሰማያዊ አበባ ያለባቸው። ቡሩልም ነገ ትወዳደራለች፤ እናት የገዛ ልጇን ሆድ አታበላሽም። ስለዚህ ደህናው የሷ ነው። በመስኮት አየኋት፤ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ጎማ ትነፋለች። እጄን ሰደድ አደረግኩና ሳህኖቹን አቀያየርኳቸው።

እሷ ሳትገባ ልገላገለው ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ወይ ጉድ! ጉሮሮዬን ቧጥጦ ወርዶ አፍንጫዬ ድረስ ተመልሶ ወጣ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ደህናው እንዲህ ከሆነ ያኛው ምን ሊሆን ነው፣ እንኳንም ለወጥኩት አልኩ በልቤ።

ቡሩል እጇን በሱሪዋ እየጠረገች ገባች። "ሆ! ጨረስሽው? አንቺ እኮ የዋዛ አይደለሽም" አለችና የራሷን አነሳች። አንዴ ቀመሰችና ቆም አለች። ሳህኑን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

አፓ ዳቦውን ታቅፈው ተመለሱ። ባዶ ሳህኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"እሰይ የኔ ልጅ! አልኮመጠጠሽም አይደል? የዛሬ ጠዋት ነዋ! የስልቻው የሰነበተ ነው፤ እኛ በሱ ስላደግን ነው እንጂ ላልለመደ ሆድ አይሆንም፣ ሲያስሮጥ ነው የሚያድረው። ቡሩል ናት ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ሄዳ አሳልባ ያመጣችልሽ። 'የከተማ ልጅ ናት፣ ነገ እንዳትጎዳብኝ' ብላ።"

ክው አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "አዎ አፓ፣ ምንም አልኮመጠጠኝም" አልኩ፤ ምላሴ ገና እየተቃጠለ።

አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገረችም። ለእኔ የመጣውን ቁሚስ ቀስ ብላ ጠጥታ ጨረሰች፤ "ጣፍጧል አፓ" አለች፤ ከዳቦው ቆርሳ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ፣ አያድርስ ነው፣ ዝምታዋንም ጠረጠርኩት። ምን ብላ ትናገራለች? ነገ እኔ ሽንት ቤት ስመላለስ ታሽከንትን የምታገኘው እሷ አይደለች!

ፀሐይዋ ገና ሐይቁ ላይ ሳለች ተኛን፤ ከውድድር በፊት ደንባችን እንዲያ ነው። ጋደም ከማለቴ ሆዴ ይጮህ ጀመር። እንዳይሰማ ብርድ ልብሱን ጠቅልዬ ሆዴ ላይ ያዝኩት። ቡሩል ተነሳች፤ ምንም ሳትል፣ በባዶ እግሯ ወጣች።

ከውጭ የሰንሰለት ድምፅ መጣ። ብስክሌቴ! የኔም ብስክሌት እዚያው በረንዳው ላይ ነው። ተነስቼ እጅ ከፍንጅ ልይዛት ብርድ ልብሱን ስገፋ በሩ ተከፈተ።

"ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው" አለችኝ ቡሩል በሹክሹክታ፣ እናቷ እንዳይሰሙ። "ውሻውን አስሬልሻለሁ።"