የተዘቀዘቀው ነጠላ

ዓረብ አገር፣ መንሱራ ሰፈር አውቶቡስ ማቆሚያ አግዳሚው ላይ አብረዋት የተቀመጡት የአገሯ ሰው የሆኑ እናት እጃቸውን ወደ ትከሻዋ ሲሰዱ ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። በጥቁሩ አባያዋ ላይ ነጠላ ደርባ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቃው ነበር። አገር ቤት ቢሆን ገና ከሩቅ ያያት ሁሉ «በማን ነው?» ይላት ነበር። እዚህ ግን ገበያ የምትወጣውም ሠርግ የተጠራችውም ጥቁር ለባሽ ናት፤ ታናሽ ወንድሟ አገር ቤት ከሞተ ሦስት ሳምንት ሲሞላው «እግዜር ያጥናሽ» ያላት አንድ ሰው አልነበረም። ጠዋት ስትወጣ ያየቻት አሠሪዋ ማዳም ጭራሽ «ሻርፕሽ ያምራል» ብላ አሞግሳታለች።

«የኔ ልጅ፣ ተጣድፈሽ ነው መሰል ዘቅዝቀሽ ለበስሽው» አሉ ሴትዮዋ እየሳቁ፣ ጥለቱን ሊያዞሩላት ይዘው። ከዚያ ፊቷን አዩት። እጃቸው እዚያው ትከሻዋ ላይ ቀረ። «ውይ፣ እኔ አፈር ልብላ! በማን ነው?»

«በወንድሜ ነው፣ እማማ። በታናሼ።»

አውቶቡሱ መጣ። ልጅቷ ልትነሣ ስትል ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ አልለቀቁም። «ኸላስ፣ በቃ ይሂድ፤ ሌላ ይመጣል። ይልቅ ንገሪኝ፣ እንዴት ያለ ልጅ ነበር?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ጥያቄ ሲመጣ ተመልሳ ተቀመጠች። «ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር» አለች። «የፊት ጥርሱን በድንጋይ የሰበርኩት እኔ ነኛ!» ሳቅ አመለጣትና ልክ እንደሱ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሁለተኛው አውቶቡስ መጥቶ ሲሄድም እጇን ከአፏ ላይ አላነሣችም።