ሦስቴ የምትለምን ፋይል

የመዝገብ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ እምቢታ አይወድም። ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች፣ እሱ ስክሪፕት የሚላቸው፣ አንዴ «አይሆንም» ከተባሉ እዚያው ቀጥ ይሉበት ነበር።

«እንግዳ አንዴ በቃኝ ስላለ ማዕድ ይነሳል እንዴ?» አለና አርባ መስመር የማትሞላ አጋዥ ፋይል ጻፈ። ስክሪፕቶቹ ሁሉ እሷን ይጠራሉ፤ እሷም እምቢ ስትባል እስከ ሦስት ጊዜ ደግማ ትለምናለች። ጥያቄው ለሰው ከሆነ ደግሞ፣ ሦስተኛው ላይ እናቱ አልበላም ላለ እንግዳ የምትለውን ቃል ጨመረባት።

ተአምር ነበረች። ያኮረፈ ሰርቨር ሁሉ በሦስተኛው ይከፍት ጀመር።

ሰኞ ጠዋት ግን የሠላሳ ዓመቱ መዝገብ ከኮምፒውተሩ ድራሹ ጠፍቶ ጠበቀው። እየሮጠ ኃላፊዋ ቢሮ ገባ።

«እትዬ አስካለ፣ የጽዳቱ ስክሪፕት ‹የቆየው መዝገብ ይሰረዝ?› ብሎ አልጠየቀዎትም?»

«ጠየቀኝ እንጂ። አይሰረዝ አልኩት።»

«ታዲያ?»

«ደግሞ ጠየቀኝ። አሁንም አይሰረዝ አልኩት።»

ባለሙያውን ላብ አጠመቀው። «በሦስተኛውስ?»

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አውልቀው በትዝብት አዩት።

«በሦስተኛውማ ‹በሞቴ› አለኝ። ምን ልበል ልጄ፣ ይሙት ልበል?»