ሁለት ነጥብ

"ድገመው" ይላል ቴክኒሻኑ፣ ቀኝ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘንበል አድርጎ። ንግግሩ ከኮምፒውተሩ ጋር ነው። ጣቱ አንዲት ቁልፍ ነካ ሲያደርግ፣ ማሽኑ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ስክሪኑ ላይ ያሉትን ሴቲንጎች በድምፅ እያነበበ ያለ ትንፋሽ ያወርዳቸዋል።

የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ አጠገቡ ቆማለች። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ የላቦራቶሪ ውጤት ሐኪሞቹ ክፍል አልደርስ ብሏል፤ ኮሪደሩ በታማሚ ታጭቋል። በዚያ ላይ ዳይሬክተሩ ጠዋት ጠርተዋት፣ "ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሥራው አይከብደውም? ይቆይ ወይስ ይሂድ፣ ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ" ብለዋታል። ለእሱ ግን ትንፍሽ አላለችም።

"አባ ጠይቅ፣ ዝም ብለን ሁሉንም እንደ አዲስ ብንጭነውስ?"

"ሳንጠይቀው?"

ቅጽል ስሙ ከዚሁ የመጣ ነው። ማሽን ሲያስቸግር ሌላው 'ሴት' የሚለውን የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ጽፎ ሴቲንግ ለመቀየር ይሮጣል፤ እሱ በ'ጌት' ይጀምራል፣ ያለውን ያስነብባል፣ ያዳምጣል። "ላጤ የቀረው 'ሴት' ስለሚፈራ ነው" እያሉ ይቀልዱበታል።

ማሽኑ የላቦራቶሪ ውጤት የሚያልፍበትን ሰርቨር አድራሻ አንብቦ ሲያልፍ ጣቱ ቀጥ ይላል።

"እዚህች ጋ አንድ ነገር ዋጠ።"

ስክሪኑን ታያለች። "ምን ዋጠ? ስሙ አለ፣ ሁለት ነጥቡ አለ፣ ቁጥሩም አለ።"

"የጎደለውን ዓይንሽ እየሞላልሽ ነው። እስቲ ጨፍኚ፣ እህትዓለም።"

ትጨፍናለች። መጀመሪያ የሌላ ሰርቨር አድራሻ ያስነብብላታል፤ በስሙና በቁጥሩ መሃል "ኮለን" የምትል ቃል፣ የሁለት ነጥቡ የእንግሊዝኛ ስም፣ ጠብ ትላለች። ከዚያ ይሄኛውን። ስም፣ ዝምታ፣ ቁጥር። ዝምታዋ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ናት። ይህን ሁሉ ወር አጠገቡ ስትቀመጥ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሰማ አላወቀችም ነበር።

"ትናንት ይቺን የነካሻት አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኛ። በስልክ 'ሁለት ነጥብ አድርጊና አዲሱን ቁጥር ጻፊ' አልከኝ፣ አደረግኩ።" ዓይኗን ገልጣ ኪቦርዱን ታያለች። ትናንት በሩ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ በአማርኛ ስትጽፍ ነበር የደወለው። "ወይ ጉዴ። የአማርኛውን ሁለት ነጥብ ነው የመታሁት።"

ይስቃል። "መንታ አይደሉ? ዓይን በነበረኝ ጊዜ እኔም አልለያቸውም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ 'የፈረንጁን' ብዬ መጨመር ነበረብኝ።"

አሁን 'ሴት' ይጽፋል። ከመላኩ በፊት ከንፈሩ በዝምታ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ቁጥር መቁጠር አትጠይቀውም። ይልካል። ከዚያም ተመልሶ 'ጌት' ይላል።

"ኮለን" ይላል ማሽኑ።

ጥቂት ይጠብቃሉ። ኮሪደሩ ላይ አንድ በር ይከፈትና ነርስ ውጤቱ የደረሰ ታማሚ ስም ትጣራለች። ሁለተኛ በር፤ ሌላ ስም። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር ይደራረባል።

ስልኩ ይጮኻል። ዳይሬክተሩ ናቸው።

"እህ፣ ምን ወሰንሽ? ይችላል?"

ወደ አባ ጠይቅ ዞር ትላለች። እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ መልሶ፣ የሚጠሩትን ስሞች አንድ በአንድ እየተቀበለ ነው።

"አንዴ ያዳምጡ፣ ጋሼ" ትልና፣ ሽቦው እስኪወጠር ድረስ ስልኩን ወደ ተከፈተው በር ትዘረጋዋለች።